ሥጋው ደህና ነው ወይስ ተበላሽቷል?

በ2016ቱ ዐረፋ ሞጣ ለሚኖሩት አክስታችን ከቢቸና የኡድሒያ ሥጋ ልከን ነበር። በፌስታል ጠቅልለን ለአውቶቡስ ረዳት አደራ ሰጠነው፤ መኪናው ደብረ ወርቅ ላይ ቆሞ ኖሮ ሥጋው የደረሰው ሲመሽ ነው። አክስታችን አሸተቱት፤ ጎረቤትም ጠርተው አሸተቱ። አንዷ «ደህና ነው»፣ ሌላዋ «ኧረ ጠረኑ ተለውጧል» ትላለች። በቤቱ ሕፃናት ስላሉ በመጨረሻ ለውሻ ተጣለ። ሐላልነቱ የማያጠራጥር ሥጋ ጦይብነቱን የሚመሰክርለት አጣ።

ዛሬ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች የሚደክሙት መጠቅለያው ራሱ እንዲመሰክር ነው። ነገሩ ከማድ ቤት የራቀ አይደለም። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለን ውኃውን በሁለት ብርጭቆ ለተማሪዎቻችን አሳይተናል፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይቀላል፣ የዳቦ ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል። ሥጋም ሲበላሽ እንደ አሞኒያ ያለ ትነት ስለሚያወጣ፣ ይህ ቀለም የገባበት ስስ መጠቅለያ መልኩን ይለውጣል።

መጠቅለያው ከእፅዋት ቃጫ ይሠራል። ቃጫው በአሲድ እየተሰባበረ ውፍረቱ በናኖሜትር እስኪለካ ይደቅቃል፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። እንዲህ የደቀቀ ቃጫ ተጠጋግቶ ሲደርቅ አየር በቀላሉ አያሳልፍም። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ገጹን በኬሚካል ማሻሻል ግድ ይላል።

በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ይህን የቃጫ ዘር፣ ማለትም ሴሉሎስን፣ ከጤፍ ገለባ፣ ከእንሰት፣ ከሸንኮራ አገዳ ምጣጭና ከቡና ገለፈት ለይተው አውጥተዋል። በጥናት ቋንቋ እነዚህ «ተረፈ ምርት» ይባላሉ። የጤፍ ገለባ ለቢቸና ገበሬ ግን የበሬ ቀለብና የግድግዳ ምርጊት ነው፤ «ትርፍ ነው» ብሎ የሚነግረው ሰው ይጠንቀቅ! የቡናው ገለፈት ይሻለናል።

ጊዜውም አስገዳጅ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ብቻ ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ ፌስታልን በጠቅላላው ከለከለ። ሆኖም እናቶች ልብ ይበሉ፤ ቀለሙ የሚናገረው ስለ መበላሸት ነው እንጂ ስለ በሽታ ተሐዋስያን ሁሉ አይደለም፤ ሥጋውን አብስሎ መብላት አይቀርም።

አክስታችን ግን መጠቅለያው ገበያ እስኪወጣ አልጠበቁም። «ለከርሞ ቋንጣ አድርጋችሁ ላኩልኝ» ብለውናል።