ለባለገንዘቡ ጠበቃ፣ ለሾፌሩ መዝገብ

«ካጠፋ ይክፈል እንጂ ለመኪና ክስ ጠበቃ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ በዋሽንግተን አካባቢ ከምንማረው መካከል አሉ። በቨርጂኒያ ጎዳና ታክሲ ሲነዳ የሚያድረውን ወገናቸውን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተናገሩ ነበር።

በዚያ ግዛት በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳ፣ ወይም ከተወሰነው ፍጥነት በ20 ማይል ያለፈ፣ በግዴለሽ አነዳድ በወንጀል ይከሰሳል። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። ገንዘብ ያለው ጠበቃውን አስከትሎ ይቀርባል። ጠበቃው የፍጥነት መለኪያው በ6 ወር ውስጥ መመርመሩን የሚያስረዳውን ወረቀት አምጡ ይላል፤ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ይነጋገራል፤ ክሱም መቀጮው ከ500 ዶላር ወደማይበልጥ ቀላል ጥፋት ሊወርድ ይችላል።

የሌለውስ? መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል እንዳንል፣ ፍርድ ቤቱ «እስራት አልፈርድም» ብሎ አስቀድሞ በጽሑፍ ካስታወቀ ያለ ጠበቃ ሊፈርድበት ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1979 (እ.ኤ.አ.) በስኮትና በኢሊኖይ ክርክር እስራት ካልተፈረደ ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለም ብሏል።

አለመታሰር ምሕረት ተባለ! ለቢሮ ሠራተኛ ይሁን። መሪ ጨብጦ ለሚያድር ግን 6 ነጥብና ለ11 ዓመት በመንጃ መዝገቡ ላይ የሚቆይ ጥፋተኝነት እንጀራውን መንጠቅ ነው፤ የኢንሹራንሱን ዋጋ ሳንቆጥር።

የሕግ መምህራን ሆይ! ጠበቃ የሚያስፈልገው ለእስር ብቻ ነው የሚለውን ትምህርት መቼ ትሞግቱታላችሁ? እኛ ተማሪዎችስ፣ ቢያንስ የክሱን ወረቀት በአማርኛ የሚያነብለት አንድ ሰው በቀጠሮው ቀን አብሮት እንዲሄድ ማኅበራችን ዛሬውኑ ይመድብ።