ከዛፉ ይልቅ ኖራው

እንደሚታወቀው የመሐንዲሱ የጆን ስሚተን ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው ስለ ዛፍ ነው። ከእንግሊዝ የፕሊመዝ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር መሐል ባለው የኤዲስቶን ዓለት ላይ የሠራው የመርከቦች መብራት ማማ፣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ የቀጠነው የኦክ ዛፍ ግንድን ዓይቶ ነው ይባላል። እኔ በበኩሌ የሰውየው ትልቁ ሥራ ኖራው ነው ባይ ነኝ።

በዚያ ዓለት ላይ ከሱ በፊት የቆሙት አልበረከቱም። የሄንሪ ዊንስታንሊን ማማ እ.ኤ.አ. በ1703 ማዕበል ከነሠሪው ወሰደው። ቀጥሎ የተሠራው የእንጨት ማማ በ1755 ተቃጠለ። ስሚተን በድንጋይ ልሥራ አለ። ጥሩ፤ ግን ድንጋዩን በምን ያያይዘው? ተራ ኖራ የሚጠነክረው አየር ሲያገኝ ነው፤ እዚያ ደግሞ ባሕሩ መች ፋታ ይሰጣል!

ያኔ ጠንካራ ድንጋይ ጠንካራ ኖራ ይሰጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ስሚተን ዝም ብሎ አልተቀበለም። በ1756 ከየቦታው ኖራ እያስመጣ፣ አቡክቶ እያድበለበለ ውኃ ውስጥ ከተተው። የኖራ ድንጋዩንም በአሲድ አሟሟው። ውኃ ውስጥ የጠነከሩት ሸክላ አፈር ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የዌልስን የአበርታው ኖራ ከጣልያን ፖዞላና ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ገነባ። (ፒፒሲ በምንለው ሲሚንቶ ውስጥ ሁለተኛዋ «ፒ» ይቺው ፖዞላና ናት።) ድንጋዮቹንም እንደ አናጺ ጥርስ በጥርስ አነካክሶ ገጠማቸው። በጥቅምት 1759 በ24 ሻማ በራ።

«ማማው ተነስቶ የለ እንዴ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ በ1882 በሌላ ተተክቷል። ምክንያቱ ግን ማዕበሉ ከሥሩ ያለውን ዓለት ስለቦረቦረው እንጂ ግንቡ ስለደከመ አይደለም። የላይኛው ክፍል ተነቅሎ ፕሊመዝ ላይ እንደገና ተተክሏል፤ ግርጌው ዛሬም ባሕሩ ላይ አለ።

ታዲያ እኛ ጋ የማቴሪያል ላብራቶሪ ለምን እንደ ትርፍ ነገር ይታያል? ለዲዛይን ፕሮጀክት እንቅልፍ የሚያጣው ተማሪ፣ ላብራቶሪ ላይ ሲደርስ ያምናውን ሪፖርት ቁጥር ለዋውጦ ያስረክባል። በተማሪው ብቻ አልፈርድም፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ሙከራ ማንን ያጓጓል? ስምጥ ሸለቆአችን በእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከአንድ ቦታ አፈር አምጥቶ፣ ፈጭቶ፣ ከኖራ ጋር አቡክቶ ውኃ ውስጥ ይክተተውና ከወር በኋላ ምን እንደሆነ ይንገረን። ለዚህ የሚያስፈልገው ባልዲ፣ ወንፊትና ትዕግሥት ነው፤ ትምህርት ክፍሉ በመጪው ሴሚስተር ሊጀምረው ይችላል።