ውሃ በቆመበት ማሳ ላይ ዩሪያ አትበትኑ



ከሃያ ሁለትና ከቦሌ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ በየወንዙ አልፎ አቃቂ ይገባል። ከዚያም በአባ ሳሙኤል ሐይቅ በኩል ወደ አዋሽ ያልፋል። የአቃቂን ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ። በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ይሰነጠቃል።

እንዲህ ባለ መሬት አንድ ነገር ልብ በሉ። ከፍ ባለው ቦታ ሰብሉ ለምለም ነው። ዝቅ ባለው ግን ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ማሳው አንድ፣ ዘሩም አንድ። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?

ዋናው ምክንያት ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ቅጠልን የሚያለመልም የሰብል ምግብ ነው። ዩሪያ የምንገዛው ለእሱ ነው። ከ50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎው ናይትሮጅን ነው።

አፈር ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። አፈሩ አየር ሲያገኝ ናይትሮጅኑን ለሰብል ያዘጋጁታል። ውሃ ሲተኛበት ግን አየር ያጥራቸዋል። ያን ጊዜ የተዘጋጀውን ናይትሮጅን ወደ አየር ይለቁታል። ገንዘባችን ሳናየው እንደ ጢስ በነነ ማለት ነው።

ወቅትም ይለውጠዋል። የደረቀ አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ሲያገኝ ነፍሳቱ ይነቃሉ፤ ናይትሮጅኑም ይበረክታል። በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ሲቆም ይሟጠጣል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለየው ረግረግ ደግሞ በጭቃው ብዙ ናይትሮጅን ይይዛል። ነገር ግን ሣሩና ሥሩ ቶሎ ስለማይበሰብስ እንደ ተቆለፈ ጎተራ ነው።

ስለዚህ ለማሳው ሁሉ በአንድ ጊዜ እኩል መበተን ይቅር እላለሁ። በመጀመሪያ ውሃውን በቦይ አውጡ። ዩሪያውን ከፋፍላችሁ፣ ውሃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ስጡ። ዝቅ ባለው ቦታ ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራ ዝሩ። ሽምብራ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ በሥሩ እባጮች ያዘጋጃል። ነቅላችሁ ብታዩ እባጮቹን ታገኛላችሁ። የማይደርቀውን ረግረግ ግን አትረሱት፤ የሚያልፍበትን ውሃ ያጣራል።

«ከከተማ የሚወርደው ውሃ ራሱ ማዳበሪያ ነው» የሚሉ አሉ። የቤት ፍሳሽ ናይትሮጅን እንዳለው እውነት ነው። ሆኖም የፋብሪካ መርዝና የበሽታ ተዋስያን አብረውት ይመጣሉ። በእሱ አትክልት ማጠጣት ጤናን ይጎዳል።

እንግዲህ ማሳችሁን ዞራችሁ እዩ። ቢጫው ከየት እንደሚጀምር እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉ። ይህንንም ማንበብ ላልቻለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።