ምንጣፉና ሠሪው
እ.ኤ.አ. በጥር 1910 ለንደን ውስጥ ስለ ሕንድ ሥነ ጥበብ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ የሊቀ መንበርነቱን ወንበር የያዘው ሰር ጆርጅ በርድውድ ነበር። በርድውድ ተራ ሰው አልነበረም፤ ስለ ሕንድ ዕደ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1880 መጽሐፍ ያሳተመ፣ የአገሪቱን ምንጣፍና የነሐስ ዕቃ አብጠርጥሮ የሚያውቅ እንግሊዛዊ ነው። ያም ሆኖ ሕንድ ረቂቅ ሥነ ጥበብ የላትም ሲል በድፍረት ተናገረ። በተመስጦ የተቀመጠውን የጃቫ ቡድሃ ሐውልትም በሞራ ታሽቶ ከተቀቀለ ሊጥ ጋር አመሳሰለው። እጇ ይሠራል፣ አእምሮዋ ግን ባዶ ነው ማለቱ ነበር። የቅኝ ገዥው ንቀት ይህን ያህል ራቁቱን የወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ለዚህ ንቀት የዕድሜ ልክ መልስ የሰጠው አናንዳ ኩማራስዋሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ኮሎምቦ ውስጥ ከታሚል አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወልዶ ለንደን ላይ ሥነ ምድር ያጠናው ይህ ሰው፣ ወደ ሥነ ጥበብ የመጣው ድንጋይ ሲመረምር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የሲሎንን ማዕድን ሊያጠና በየመንደሩ ሲዞር በመሞት ላይ ያለ የእጅ ጥበብ አየ። እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው «የሺቫ ጭፈራ» በተሰኘው የድርሰቶች መድበል ውስጥ፣ በእሳት ክብ መካከል የሚጨፍረው የነሐስ አምላክ የፍጥረትና የጥፋት ፍልስፍና በአካል የተገለጸበት መሆኑን አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ የቡድሃ ምስል የግሪክ ጥበብ ስጦታ ነው የሚለውን የፈረንሳዊውን የአልፍሬድ ፉሼን ትምህርት ሞገተ። መልሱ በስሜት ሳይሆን በድንጋይ ነበር። ያክሻ የተባሉትን የጥንት መናፍስት ግዙፍ ሐውልቶች ከመጀመሪያዎቹ የማቱራ ቡድሃዎች ጎን አቁሞ፣ ያ ሰፊ ትከሻና ያ ቀጥ ያለ አቋም ከማን እንደተወረሰ አሳየ። ሊቃውንት ከጋንዳራና ከማቱራ የትኛው እንደሚቀድም ቢከራከሩም፣ ማቱራን ወደ ጎን ገፍቶ መጻፍ ከዚያ ወዲህ አልተቻለም።

ምስጋናው ተገቢ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው አድናቂዎቹ ሰውየውን እንደ ጽላት ሲሸከሙት ነው። ንቀትን በመመከት ያገኘውን ድል፣ ስለ ሕንድ ኅብረተሰብ ለጻፈው ሁሉ ማስረጃ ያደርጉታል። ሐውልትን በትክክል ማንበብ ሌላ፣ ሐውልቱን የቀረጸው ሰው በምን ሥርዓት ሥር እንደሚኖር መመስከር ሌላ ነው።

የመጀመሪያ ታላቅ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው የሲንሃላ የመካከለኛው ዘመን ጥበብ መጽሐፍ ነው። በዊልያም ሞሪስ የእጅ ማተሚያ ላይ በራሱ ክትትል አሳተመው። ሠዓሊው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪውና ሸማኔው የንጉሡን መሬት እየያዙ በሙያቸው የሚያገለግሉበትን የካንዲን ሥርዓት ጥበብ ከኑሮ ያልተለየበት አድርጎ አቀረበው። ሥዕሉ ያማልላል። ነገር ግን በዚያው በካንዲ አገር ኪናራ የሚባሉ ምንጣፍ ሠሪዎች ነበሩ። ከሐና ተክል ቃጫ አውጥተው፣ ፈትለውና በቀለም ነክረው የሚሠሩት የዱምባራ ምንጣፍ በጌጡ ዝነኛ ነው። ሠሪዎቹ ግን በልደታቸው ከሕዝቡ ሁሉ በታች ከተመደቡት ወገን ነበሩ። ምንጣፉ ትልቅ ቤት ይገባል፤ ሠሪው አይገባም። ሸማኔውን በሙያው፣ ሸክላ ሠሪዋን በዘሯ ሲሰደቡ እየሰማ ላደገ አንባቢ ይህ ነገር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ኩማራስዋሚ ካስት የተባለውን በልደት የተከፋፈለ የሥራና የማዕረግ ሥርዓት በዝምታ አላለፈውም፤ ጠበቃ ሆኖ ቆመለት። ሰው ለተፈጥሮው የሚስማማውን ሥራ በመሥራት ፍጹምነትን ያገኛል የሚለውን አሳብ ከሳንስክሪት መጻሕፍትና ከፕላቶን እያጣቀሰ አስተማረ። አሳቡ በመጽሐፍ ላይ ውብ ነው። ለሰውየው የሚስማማውን ሥራ የሚወስነው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ አባቱ የሚል ነው። ፍልስፍናው የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው።

የቡድሃን ምስል ነፃ ባወጣበት በዚያው በ1927፣ ቢምራዎ አምበድካር «አይነኬ» የተባሉትን ወገኖቹን ይዞ በማሃድ ከተማ ከሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጣ። ኩሬው ለሁሉም እንዲሆን ማዘጋጃ ቤቱ አስቀድሞ ወስኖ ነበር፤ ነገር ግን ሰዎቹ ተደበደቡ፣ ውሃውም ረክሷል ተብሎ ከላም በተገኘ ወተት፣ እበትና ሽንት የማንጻት ሥርዓት ተፈጸመለት። እ.ኤ.አ. በ1936 አምበድካር ካስት ፈጽሞ እንዲጠፋ የሚጠይቀውን ጽሑፉን ሲያሳትም የኩሬውን ዓይነት ነገር ጠቀሰ። የሥርዓቱን ምንነት ከሥር ሆኖ ያየው እሱ ነው።

ከሁሉም የሚያስቆጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ኩማራስዋሚ ስለ ማንበብና መጻፍ ያወጣው ድርሰት ነው። ፊደል አለማወቅ መሃይምነት አይደለም፣ በቃል የሚተላለፍ ጥልቅ ዕውቀት አለ ማለቱ እውነት ነው። ዳዊቱን በቃሉ የሚወጣ፣ ቅኔውን ያለ ብራና የሚዘርፍ ሰው ባለበት አገር ይህን የሚክድ አይገኝም። እሱ ግን ከዚህ አልፎ ፊደልን ለሕዝብ ማዳረሱን ራሱን እንደ ጥፋት ቆጠረው። ግሪኩን ከላቲን፣ ሳንስክሪቱን ከፓሊ እያመሳከረ የሚጽፍ ሊቅ ይህን ሲል፣ በልቶ የጠገበ ሰው ለተራበ ስለ ጾም በረከት የሚሰብክ ይመስላል። አምበድካር በልጅነቱ ከክፍል ጓደኞቹ ተለይቶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው ፊደል የቆጠረው። ያችን ፊደል ባያገኛት ኖሮ የወገኖቹን ክስ በማን እጅ ይጽፍ ነበር?

ኩማራስዋሚ የጥበብ ሥራ ለመታያ ሳይሆን ለአገልግሎት የተፈጠረ ነው ብሎ አስተማረ፤ ከ1917 ጀምሮ ለ30 ዓመታት የሠራው ግን በቦስተን ሙዚየም ነው፤ የሰበሰባቸው የሕንድ ሥዕሎችም እዚያው ገቡ። በዚህ ብዙ ሊወቀስ አይገባም፤ ለሕንድ ብሔራዊ ሙዚየም እንዲቋቋም ጠይቆ ሰሚ አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 9 ቀን 1947 ሲያርፍ ሕንድ ነፃ ከወጣች 25 ቀኗ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ 29 የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ተመርጦ፣ ሊቀ መንበርነቱ ለአምበድካር ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ የዋለው የዚያ ሕግ 17ኛ አንቀጽ አይነኬነትን ሻረ።