ሐረር በአንድ ሌሊት ዋጋ እየተሸጠች ነው

ሐረርን በገበያ ዓይን የሚመለከት ሰው ገና ከመነሻው አንድ እንግዳ ነገር ያጋጥመዋል። ዕቃው ሞልቷል፤ ገዢም አልጠፋም፤ ሽያጩ ግን በችርቻሮ፣ ያውም በጥድፊያ ነው። ብዙዎቹ አስጎብኚ ድርጅቶች በፕሮግራማቸው ለሐረር የሚመድቡት አንድ ሌሊት ነው። ጎብኚው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ይወርዳል፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ዳገቱን ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ በጀጎል ውስጥ ይዞራል፤ ሲመሽ ጅብ ሲመገብ ያያል፤ በማግሥቱ ቁርሱን በልቶ ይመለሳል። ያን ያህል የአውሮፕላን ገንዘብ አውጥቶ የመጣ ሰው ለከተማዋ ጥሎላት የሚሄደው የአንድ አልጋ፣ የሁለት ማዕድ፣ የአስጎብኚና የጅብ መጋቢ ሒሳብ ብቻ ነው። ድሬዳዋ አድሮ የሚመላለሰውማ የአልጋውንም አይተውላትም።

ባለሀብቶቻችን ስለ ሐረር ሲነጋገሩ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ክፍል ያለው ሆቴል ያዋጣል?» የሚለው ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ጥያቄው ከእግሩ ተጀምሯል። መጠየቅ የነበረበት «እንግዳው በሁለተኛው ቀን ምን ያደርጋል?» ተብሎ ነው። ለዚህ መልስ ያላዘጋጀ ሰው መቶ ክፍል ቢሠራ መቶ ባዶ አልጋ ነው የሚጠብቀው።

ከተማዋ ሌሊቷን የተነጠቀችው ዛሬ አይደለም። ሐረር መሀለቅ የተባለውን የራሷን ሳንቲም ስትቀርጽ የኖረች፣ ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች የሚመጣው ጨርቅ ከመሐል አገር ከሚወርደው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ጋር የሚገናኝባት ገበያ ነበረች። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ይዘዋት የቆዩት፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የገቡባት ለአየሯ ብለው አልነበረም። ነገር ግን በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ ሐዲዱ ተራራውን አልወጣም፤ ከሥር ሜዳው ላይ ቆመ። ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የሐረር ነጋዴም ቀስ በቀስ መጋዘኑን፣ ቀጥሎም ቤተሰቡን ይዞ ወረደ። እነሆ ዛሬም የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ባቡሩና ትላልቆቹ ሆቴሎች ያሉት ታች ነው። ሐረር ባቡርን ልትመልስ አትችልም። ሌሊቱን ግን ልትመልስ ትችላለች።

በምን? ባላት ነዋ! ጀጎል የሚባለው ግንብ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታጠረ ሲሆን በውስጡ ያለው ከተማ 48 ሄክታር ያህል ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ 82 መስጊዶችና ከመቶ በላይ የአውልያ ማረፊያዎች መኖራቸውን ዩኔስኮ ከተማዋን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጽፏል። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። አብዛኛው ጎብኚ ግን በመኪና ወደ ፈረስ መጋላ በምታስገባው፣ ኋላ በተከፈተችው ስድስተኛዋ በር ገብቶ በዚያችው ይወጣል። አምስቱን በሮች በእግር መዞር ብቻውን የግማሽ ቀን ሥራ መሆኑን የሚነግረው የለም።

ነጋዴ የሆነ እንግዳ ከሆነ ደግሞ ሐረርን በንግዷ በኩል ማሳየት ይበልጥ ይጥማል። ፈረስ መጋላ ስሙ እንደሚናገረው የፈረስ ገበያ ነበር። ከዚያ ቁልቁል የምትወርደው መኪና ግርግር ስሟን ያገኘችው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪናዎች ድምፅ ነው፤ ዛሬም ጨርቅ ገዝቶ እዚያው አሰፍቶ መሄድ ይቻላል። ይህን ሁለተኛ ቀን የሚያስቆይ ሸቀጥ አድርጎ ማን አየው? ማለዳ የተለካ ልብስ በማግሥቱ ነው የሚደርሰው፤ እንግዳውም ልብሱን ጥሎ አይሄድም። ግድር መጋላ ሲደረስ የሥጋ ተራው አለ፤ በላዩ የሚያንዣብቡት ጭልፊቶች ከገዢ እጅ ላይ ሥጋ መንጠቅ የለመዱ ስለሆኑ ዘንቢል ሳይከድኑ መውጣት አይመከርም። ቀረጥ የማይከፍሉ የዚያ ገበያ ደላሎች እነርሱ ናቸው።

የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነገርም የሚነገረው በቅኔው በኩል ብቻ ነው። እርሱ ግን በ1873 ዓ.ም. ሐረር የመጣው ቅኔውን ትቶ፣ መቀመጫውን ኤደን ላደረገ ንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ኋላም ከታጁራ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ አስጭኖ ለምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ ወጣ። ንጉሡ ዋጋውን ቆረጡ፤ የሞተው ሸሪኩ የነበረበት ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ተቀነሰ፤ የቀረውንም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የሐረር ገዢ ከነበሩት ከመኮንን ዘንድ ሄዶ እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው። ራምቦ ከሰርሁ እያለ ለወዳጅ ዘመድ ሲጽፍ ኖረ። በስሙ የሚጠራው ባለ ሰገነት ቤት ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው፣ ራምቦም ያልኖረበት መሆኑ ቢታወቅም በውስጡ ያሉት የጥንት የሐረር ፎቶግራፎች ብቻቸውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣሉ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ራስ ተፈሪ በተባለው ቤት፣ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ለዓመታት በግል ጥረታቸው የሰበሰቡት ሙዚየም አለ። ሳንቲሙ፣ የእጅ ጽሑፉ፣ ጌጡ፣ ጎራዴው ከጥፋትና ከሻጭ እጅ የተረፈው በአንድ ሰው ገንዘብና ትዕግሥት ነው። ኢንቨስትመንት ማለት እንዲህ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም።

ዋናው ሀብት ግን ቤቱ ነው። የሐረሪ ቤት ከውጭ ግድግዳ ብቻ ነው፤ በሩን አልፈው ግቢውን ከተሻገሩ በኋላ ነው የሚገለጠው። ነደባ የሚባሉት ቀይ ቅብ መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት ሰው በዕድሜና በማዕረግ እንዲቀመጥባቸው ነው። ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል፤ ትልቁን ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት ነው። ሙሽሮች የሚሰነብቱባት ጠባብ ክፍልም አለች። በአንዳንዶቹ ቤቶች እንግዳ ይታደርባቸዋል፤ ጠዋት ማርና እንቁላል ያለበት ፈጢራ ይቀርባል፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ ይከተላል። ባለቤቶቹ እናቶች ናቸው፤ የሚያስተናግዱትም በቤት ልማድ ነው። የሆቴል ትምህርት ቤት ይህን አያስተምርም።

እንግዲህ የሒሳቡ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሊፍቱ፣ መስታወቱ፣ ጄኔሬተሩና የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ ከውጭ የሚመጣለት ሆቴል ወጪው በብር ሲቆጠር በእጅጉ ጨምሯል። የጀጎልን ቤት ለማደስ የሚያስፈልገው ድንጋይ፣ እንጨት፣ ኖራና የእጅ ባለሙያ ነው፤ ሁሉም በብር ይከፈላል። ገቢው ደግሞ ከውጭ በሚመጣ እንግዳ በዶላር ነው። በብር አውጥቶ በዶላር የሚሰበስብ ሥራ ዛሬ ስንት አለ? ይሁን እንጂ ባለሀብቱ ከግንቡ ውጭ ባለ አራት ፎቅ ይመኛል፤ በግንቡ ውስጥ ያለው ባለቤት ደግሞ ጣሪያው ሲያፈስ ገንዘብ ስላጣ በቆርቆሮና በብሎኬት ይጠግናል። እንዲህ የተጠገነ ቤት ለመኖሪያነት ይበቃ ይሆናል፤ ለገበያ ግን ሞቷል። ባንኮች መያዣ አድርገው የሚፈልጉት አፍርሰው የሚሸጡት፣ የሚገነቡበት ቦታ ስለሆነ ሊፈርስ ለማይችል ቅርስ ብድር መስጠት አይጥማቸውም። መውጫው ከቤቱ ባለቤት ጋር ሸሪክ መሆን ነው፤ ባለሀብቱ የእድሳቱን ገንዘብ ያወጣል፣ ባለቤቷ ቤቱንና ሙያዋን ታገባለች፣ ገቢውን በውል ይካፈላሉ። ቤቱን ለመግዛት የሚሄድ ሰው ግን ነገሩ ከመጀመሪያው አልገባውም። እናትየዋ የወጡበት ቤት መደብና ስፌት ያለበት ባዶ አዳራሽ ነው።

ሀብትን በልቶ መጨረስ ምን እንደሚመስል ለማየት ከሐረር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በድሬዳዋ መንገድ ላይ የሐረማያ ሐይቅ አለ። ሐረር ለዓመታት የጠጣችው ከዚያ ነበር። በዙሪያው ያለው ጫትና አትክልት በፓምፕ ጠጣው፤ ደለሉ ሞላው፤ በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሐይቁ ደርቆ ከብት ይሰማራበት ጀመር። ከተማዋም ከድሬዳዋ ቆላ ሽቅብ የሚገፋ ውሃ ጠባቂ ሆነች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ መልሶ ውሃ መያዙ ትልቅ ዜና ነው፤ ለጎብኚም ተጨማሪ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። በሰሜን ኢጣሊያ ኮሞ የምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ አለች፤ እንደ ሐረር የድሮ ግንብና በር ያላት፣ በሐር ጨርቅ ንግድ ስሟ የታወቀ። ከሚላኖ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ስለምትርቅ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ሆኖም እንግዳው ያድራል፤ ምክንያቱም ጀልባው ከአንዱ የሐይቅ ዳር መንደር ወደ ሌላው ሲያመላልሰው ቀኑ ያልቅበታል። ሐረርም መንደሮች አሏት፤ የጎደላት ጀልባው ነው። የአርጎባዎቹ የድንጋይ መንደር ኮረሚ ቅርብ ነው። በባቢሌ መንገድ ላይ በዳካታ ሸለቆ አንዱ ባንዱ ላይ የተቆለሉት ቋጥኞች አሉ። አወዳይ ላይ የጫት ገበያ ሲጦፍ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። የሐረር ቡና ስሙ በዓለም ላይ የታወቀ ሆኖ ሳለ ቡናው ዛፉ ላይ ሆኖ፣ ሲሰጣ፣ ሲቆላ ለማየት የሚፈልግ እንግዳ ማንን ይጠይቅ? ሰዓቱ የታወቀ፣ ዋጋው የተጻፈ፣ በየቀኑ የሚነሣ አንድ ሚኒባስ ይህን ሁሉ ያገናኘው ነበር። ከሆቴሉ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ለሆቴሉም አልጋ ይሞላለታል።

ዋጋው የተጻፈ ያልሁት በከንቱ አይደለም። እንግዳን ወደ ስፌት ሱቅ የሚወስድ አስጎብኚ ከሽያጩ ላይ ድርሻ እንደሚቀበል የማያውቅ የለም። ድርሻ መቀበል ነውር አይደለም፤ ደላላ ይብላ። ችግሩ ድርሻው ዋጋው ላይ ተደርቦ ጎብኚው ሲደነግጥና ባዶ እጁን ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ወራት የሰፋችው ሴት፣ ባለሱቁም፣ አስጎብኚውም አልበሉም። ሴቶቹ በጋራ አንድ መደብር ከፍተው በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ዋጋና የሰፊዋን ስም ቢጽፉ፣ የአስጎብኚውም ድርሻ ታውቆ ቢከፈል ሁሉም ያተርፋል።

ፈረንጅ ብቻ ነው ጎብኚ የሚለውም አስተሳሰብ መቆም አለበት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈውን ሕዝብ ሁላችንም እናውቃለን። ከነዚያ መኪኖች ስንቶቹ ጥቂት ተጉዘው ሐረር ያድራሉ? ከቶሮንቶና ከሜልቦርን ለዘመድ ጥየቃ የሚመጣው ሐረሪም ልጆቹን ይዞ የሚያርፍበት ይፈልጋል። የጅጅጋ ነጋዴ ከዓመት እስከ ዓመት በዚያው መንገድ ይመላለሳል።

ሥጋት የለም አይባልም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የራስ መኮንን ሐውልት የፈረሰበት ሁከት፣ የኮሮና ወረርሽኝና በኋላም በሰሜን የተነሣው ጦርነት ተከታትለው የቱሪዝሙን ገበያ አድርቀውት ነበር። ዩኔስኮ በሰላምና በመቻቻል ለሸለማት ከተማ ሰላም ማለት የሸቀጡ ግማሽ ነው። በቅርቡ በኮሪደር ልማት መንገዶቹ ተነጥፈው መብራት ማግኘታቸው ለምሽቱ ገበያ ጥሩ ነው፤ ቀለም መቀባቱ ግን ከጣሪያው እድሳት እንዳይቀድም ያሰጋል። ውሃውም ቢሆን ገና አስተማማኝ አይደለም። ስሙን በማልጠራው አንድ ሆቴል ለሁለት ቀን በባልዲ ታጥቤ ሙሉ ሒሳብ ከፍያለሁ።

ገበያውን መሞከር ለሚፈልግ ሰው ቀኑ የታወቀ ነው። ከኢድ አል ፈጥር በኋላ ስድስት ቀን ተጾሞ የሚከበረው ሸዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓሉ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሌሊቱም በዚክር ያልፋል። ሦስት ቀን ያለው ሸቀጥ ይኸው ተገኝቷል። በጀጎል ውስጥ በዚያ ሰሞን ስንት የእንግዳ አልጋ እንዳለ አንድ ባለሀብት በእግሩ ዞሮ ይቁጠር፤ ቁጥሩን ሲያገኝ የት መግባት እንዳለበት ራሱ ያውቀዋል።