ስለ ልብና ስለ ቤት ወሰን

እርሻ ያለው ሰው ሁሉ የመሬቱን ወሰን ያውቃል፤ የወሰኑ ድንጋይ ቢነቀልም ሽማግሌ ጠርቶ ያስመልሳል። የጊዜውንና የልቡን ወሰን ግን ብዙ ሰው ሳይከልለው ይኖራል። ከዚህም የተነሣ በውጭ የተመሰገነ ሰው በቤቱ ውስጥ ሲያዝንና ሲያሳዝን እናያለን።

ለምሳሌ ያህል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ በተጠቃለለችው በለገዳዲ ቤት ሠርቶ፥ በየማለዳው ለመንግሥት ሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ ሹም እናስብ። ማታ ሲመለስ ባለጉዳይ በደጁ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ልጁን ሥራ እንዲያስገባለት፥ አንዱ ገንዘብ እንዲያበድረው፥ ሌላውም ከወንድሙ ጋር እንዲያስታርቀው ይለምነዋል። እርሱም በይሉኝታ ተይዞ ለሁሉም «እሺ» ይላል። ራቱ ይቀዘቅዛል፤ ልጆቹ አባታቸውን ሳያዩ ይተኛሉ፤ ባለቤቱም ለእንግዳ ቡና ስታፈላ ታመሻለች። ጥቂት ቈይቶ የጸሎቱ ሰዓት ይታጐላል፤ እንቅልፍም ይርቀዋል፤ በባዕድ ፊት ያፈነውን ቍጣ በገዛ ልጁ ላይ ያወርደዋል። እንግዲህ ለሁሉም እሺ ያለው ይህ ሰው፥ ቃል ሳይናገር እንቢ ያለው ለቤተሰቡ ነው።

ይህ ሹም መምህር ቢፈልግ ሩቅ አይሄድም፤ የሰፈሩን ግድብ ይመልከት። የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ሕዝብ ውሃ ይሰጣል። ሊሰጥ የቻለውም መያዝ ስለሚችል ነው፤ የክረምቱን ዝናም ያጠራቅማል፤ በበጋ በልክ ይለቃል፤ ከአቅሙ በላይ የመጣውንም በማስተንፈሻው ያሳልፋል። ጎርፉ ከየማሳው ጭቃ ይዞ ስለሚገባም ውሃው ሳይጣራ ወደ ከተማው አይላክም። የከተማው ሕዝብ በበዛ ጊዜ ግድቡ ይፍረስና ሁሉም እንደ ልቡ ይቅዳ አልተባለም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የድሬ ግድብ ተሠርቶ ሸክሙን ተካፈለው።

የሰውም ልብ እንደዚሁ ነው። ወሰን ማበጀት ንፉግነት አይደለም፤ ቸርነት ሳይነጥፍ እንዲኖር ማድረግ ነው። በዘጸአት መጽሐፍ እንደ ተነገረው፥ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፥ ይህ አሠራር አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ሲል መከረው፤ የሺህ አለቃ፥ የመቶ አለቃ፥ የአምሳ አለቃና የዐሥር አለቃም እንዲሾም አደረገው። ሙሴም ምክሩን በመቀበሉ ክብሩ አልተቀነሰም።

ይህ ነገር ለአገራችን ልማድም እንግዳ አይደለም። እድራችንን ብንመለከት፥ መዋጮው ይህን ያህል፥ ለቅሶ የሚደረሰው በዚህ ሰዓት ተብሎ በደንብ የተወሰነ ነው፤ ደንብ ስላለውም ሀብታሙ አይማረርም፥ ድኻውም አያፍርም። ለማኅበር ደንብ ካስፈለገ ለአንድ ሰው ልብ እንዴት አያስፈልግም?

ስለዚህ የቤት አባት ከባለቤቱ ጋር ተማክሮ፥ ባለጉዳይ የሚቀበልበትን ቀንና ሰዓት ይወስን፤ የራትና የጸሎት ሰዓት ግን ለቤቱ ይጠበቅ። ገንዘብ ሲጠየቅ ባይመለስለት የማይቈጭበትን ያህል ብቻ ይስጥ። የሚከብድ ልመና ሲመጣ ወዲያው እሺ ከማለት «ከቤቴ ተማክሬ እነግርሃለሁ» ይበል፤ የማይችለውንም በለሰለሰ ቃል፥ ነገር ግን በግልጥ ይንገር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለሹመት ብቻ አይደለም፤ ለዕረፍትም ነው። ጎረቤት ሞት ወይም ድንገተኛ ሕመም ሲደርስበት ግን ሰዓት አይቈጠርም፤ ደጁ ይከፈት።

በመጨረሻም ለራሱ ወሰን ያበጀ ሰው የሌላውን ወሰን ያክብር። ባለቤቱ ደክሞኛል ስትል፥ የቤት ሠራተኛይቱም የዕረፍት ቀኗን ስትጠይቅ፥ ልጁም ምስጢሬ ነው ሲል ይስማቸው። የራሱን ደጅ ዘግቶ የሰውን ደጅ የሚገፋ፥ ወሰን አበጀ አይባልም፤ ወሰን ገፋ ይባላል እንጂ።