60 ኪሎ ሜትርና አንድ የዋና ዲፕሎማ

ባለፈው ወር ስለ እርሾ ነበር ያወራነው። ዛሬ ድስቱን ለጊዜው ከምድጃ አውርደን ስለ እግር እናውራ።

ምግብ ቤቴ የሚመጡ ልጆች አንድ ጥያቄ አላቸው። «ጋሼ፣ እውነት 60 ኪሎ ሜትር ሮጠዋል?» ይሉኛል፣ ሆዴን እያዩ። እውነት ነው። ግን ስለ 60ው ከመናገሬ በፊት ስላበላሸሁት አንድ ቅዳሜ ልንገራችሁ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ስሙን እንወቅ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከዚያ የሚበልጠው ሁሉ አልትራ ማራቶን ይባላል። ከአስፋልት ወጥቶ በአሸዋ፣ በጫካና በተራራ ሲሆን ደግሞ ትሬይል ይሉታል። እኛ አገር የከብት መንገድ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ልጅ ሆነን ትምህርት ቤት የሄድንበት መንገድ ትሬይል እንደሚባል ማን ነግሮን?

እኔ የጀመርኩት 50 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ሃውስአርትሷ ደሜን አስመርምራ «ስኳርህ ድንበሩ ላይ ቆሟል» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው» ብላት «መቆም መንቀሳቀስ አይደለም» አለች። በማግስቱ ዛውደርፓርክ ሄጄ አንድ ዙር ለመጨረስ አራት ጊዜ አረፍኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በብስክሌት ስኼቨኒንገን ድረስ እየሄድኩ በአሸዋ ኮረብታዎቹ መሮጥ ለመድኩ። ሜየንደል የሚባለውን ታውቁታላችሁ፣ ልጆች ፓንኬክ የሚበሉበት። ቤታችን የምንጠጣው ውሃ በዚያ አሸዋ ውስጥ ተጣርቶ ነው የሚመጣው። ይህች አገር ተራራ የላትም፤ በስተደቡብ ጫፍ ያለው ትልቁ ከፍታ 322 ሜትር ገደማ ነው። የኛ እንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። ቢሆንም አሸዋውን ናቁትና ሩጡበት፤ ባታችሁ ይነግራችኋል!

ታዲያ ሩጫ እንደ ቡና ነው፣ ይለመዳል። አንድ ዙር አሥር ሆነ፣ አሥሩ ሃያ ሆነ። ያኔ ነው የተሳሳትኩት።

ያን ቅዳሜ የትንሿ ልጄ የዋና ዲፕሎማ ፈተና ነበር፣ «አ» የሚባለው። ወላጆች ታውቁታላችሁ። ልጁ ከነልብሱና ከነጫማው ይዋኛል፣ ውሃ ውስጥ ጠልቆ በተቀደደ ሸራ ያልፋል፣ ቤተሰብ ዳር ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። ውሃ በበዛበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጄ ከአንድ ዓመት በላይ ተምራለታለች። ፈተናው በዚህ አገር አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ ነበር። እኔ 6 ሰዓት ወጣሁ፤ 9 ተኩል እመለሳለሁ ብዬ። በባሕሩ ዳር ወደ ካትዋይክ አቅጣጫ ስሮጥ ነፋሱ ከኋላዬ ስለነበረ የበረርኩ መሰለኝ። «ትንሽ ልጨምር» አልኩ። ስመለስ ያው ነፋስ ፊቴን ያዘኝ። እግሬ አለቀ፣ ስልኬም ጠፋ።

ገንዳው ጋ ስደርስ ልጆቹ ፀጉራቸውን እያደረቁ ነበር። ልጄ ዲፕሎማዋን ይዛ ቆማለች። አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ከነጫማዬ ዋኘሁ። አንተ ግን አላየህም» አለችኝ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ማታ ብቻ «አንተ ስትሮጥ ቤቱን ማን እንደሚይዘው አስበህ ታውቃለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የሮጥኩት በራሴ ሰዓት መስሎኝ ነበር። ለካ በእሷና በልጆቹ ሰዓት ነው።

ሩጫ ላቆም ነበር። ያላስቆመችኝ ራሷ ባለቤቴ ናት። «ስኳርህ ወርዷል፣ አታቁም። ሥርዓት አብጅለት» አለች። ተቀምጠን ሦስት ነገር ተስማማን። ልጅ ያላችሁና ሥራ የሚበዛባችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

አንደኛ፣ የሩጫው ሰዓት ከእኔ ኪስ ይወጣል። ቤት ዘግቼ እስከ ሌሊት ስልክ ላይ እቀመጥ ነበር፤ እሱ ቀረ። ማክሰኞና ሐሙስ ቤቱ ሳይነሳ አንድ አንድ ሰዓት እሮጣለሁ። ረጅሙ ሩጫ ሰኞ ነው፤ ምግብ ቤቱ ዝግ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው።

ሁለተኛ፣ እኔ ሰኞ አራት ሰዓት ከወሰድኩ ባለቤቴም እሁድ አራት ሰዓት የራሷ ነው። ልጆቹም ማእድ ቤቱም ያን ጊዜ በእኔ እጅ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ረቡዕ ከሰዓት የልጆች ነው፣ አይነካም። ቀን መቁጠሪያው ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። ቀይ እስክሪብቶውን የያዘችው ያቺው ዋናተኛ ናት። እሷ ቀይ ያደረገችበት ቀን ሩጫ የለም።

ልምምዱ እንደምታስቡት አስፈሪ አይደለም። ርቀቱን ቀስ እያሉ መጨመር፣ በየአራተኛው ሳምንት መቀነስ ነው። ለ60 ኪሎ ሜትር ስዘጋጅ በአንድ ቀን ከ38 በላይ ሮጬ አላውቅም። ዳገት ላይ መራመድም ነውር አይደለም፣ በአልትራ ሁሉም ይራመዳል። እኔ 25 ደቂቃ ሮጬ 5 ደቂቃ እራመዳለሁ።

መቆም መሸነፍ የመሰላችሁ ሲፋን ሐሰንን አስታውሱ። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ በስደት እዚህ አገር የመጣች ልጃችን ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ለንደን ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን ስትሮጥ ዳሌዋን አሟት ቆማ እግሯን አፍታታች። ከመሪዎቹ ወደ ኋላ ቀርታ፣ እንደገና ደርሳ አሸነፈች። በ2024 ደግሞ ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ወሰደች።

«ልጅ ይዞ እንዴት ይሆናል?» ለምትሉ እናቶች ደግሞ ጃስሚን ፓሪስ የምትባል እንግሊዛዊት አለች። በጥር 2019 ስፓይን በሚባለው 431 ኪሎ ሜትር ገደማ ውድድር ወንዱንም ሴቱንም ቀድማ በ83 ሰዓት ጨረሰች። ልጇ ገና የ14 ወር ስለነበረች በየማረፊያው ጡቷን እያለበች ነው የሮጠችው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፣ ወደ ምግቡ። ብዙ ሰዓት የሚሮጥ ሰው በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። ሦስት ትልልቅ ቴምር ወደ 50 ግራም ይሆናል። ሱቅ ያለው ጄል ውድ ነው፣ ሆዴም አይወደውም። እኔ የምይዘው ቴምር፣ በጨው የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ነው። በሶውን በዘይት፣ በጨውና በትንሽ ማር አሽቼ በእጅ የሚያዝ ጭብጦ አደርገዋለሁ። ለጾምም ይሆናል። ብዙ ሰዓት ስትሮጡ ውሃ ብቻ ማብዛት አደገኛ ነው፣ ጨው አይለያችሁ። እንጀራውን ግን ለማታ አቆዩት፤ በልቼ ሮጬ አይቼዋለሁ፣ አልመክርም። ስኳር ወይም ግፊት ያለባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ዋናው ቀን መጣ። በሰሜን በኩል ቴክሰል የምትባል ደሴት አለች፤ ሲጽፏት ቴክሰል፣ ሲጠሯት ቴሰል። ከ1991 ጀምሮ ደሴቷን የሚዞር የ60 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ፤ በባሕር ዳር፣ በአሸዋ ኮረብታ፣ በጫካና በግድብ ላይ። ከዴን ሄልደር በመርከብ ተሻገርን። መኪናውን የነዳችው ማን መሰላችሁ? ባለቤቴ። በእሁዶቿ አራት ሰዓት ተምራ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች!

እስከ 40 ድረስ ደህና ነበርኩ። ግድቡ ላይ ግን ያ የማውቀው ነፋስ ፊቴን ያዘኝ። በግራ ባሕር፣ በቀኝ በግ፣ ፊት ለፊት ማለቂያ የሌለው መንገድ። ልቀመጥ ስል ጥግ ላይ ቤተሰቤን አየሁ። ልጄ ጭብጦውን ሰጥታኝ «አባዬ፣ ዛሬ ቀይ ቀን አይደለም። ሩጥ» አለችኝ። ሮጥኩ። ማለቴ አብዛኛውን ተራመድኩ። ከስምንት ሰዓት በላይ ፈጅቶብኝ ገባሁ።

መጨረሻው ላይ ባለቤቴ ብቻዋን እያጨበጨበች ነበር። ልጄስ? ሌሊት ስለተነሳች መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ጥሏታል። ስትነቃ ሜዳሊያውን አሳየኋት። ዓይኗን እያሸች «ገባህ እንዴ? አላየሁህማ» አለች። ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «በቃ አባዬ፣ አሁን እኩል ነን!»

ሜዳሊያው አሁን ቤታችን ግድግዳ ላይ ከዋና ዲፕሎማው በታች ተሰቅሏል። ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት።

በሉ፣ በሚቀጥለው ወር ወደ ድስታችን እንመለሳለን። ልጆች፣ ለአባትና ለእናታችሁ አንድ ቀይ እስክሪብቶ ግዙላቸው። ቸር ይግጠመን!